ትምህርት ቤት ሲዘጋ፦ የወረዳ ዕቅድ ያልያዘው ነገር

(በምሩቃን ማኅበራችን የመሰባሰቢያ ቀን የቀረበ ንግግር። ለመጽሔቱ ሲዘጋጅ በመጠኑ ታርሟል።)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ዕቅድ ንገረን» ሲለኝ መጀመሪያ የመሰለኝ ቀልድ ነው። ተማሪ ሳለን አሳይመንት ሁልጊዜ በመጨረሻዋ ሌሊት በሻማ የምጽፈው እኔ እንደነበርኩ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት ታውቃላችሁ። ከዚህ ግቢ ከወጣሁ በኋላ ግን እንጀራዬ ዕቅድ ሆነ። አስተማርኩ፣ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ፣ ከዚያ በአንድ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የዕቅድና መረጃ ባለሙያ ሆኜ ለዓመታት ሠራሁ። ስለዚህ የምናገረው በእጄ ስላለፈ ነገር ነው፤ ወረርሽኝ ወይም ሌላ ድንገተኛ ነገር ሲመጣ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚዘጋ፣ ዕቅዳችን ምን ይዞ እንደነበረና ምን እንዳልያዘ። የወረዳውን ስም አልጠራም። ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ የሥራ ባልደረቦቼን በአደባባይ ማሳማት አልፈልግም።

መጋቢት 4 ቀን 2012፣ ዓርብ፣ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ ተወሰነ። በአገር ደረጃ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ገባ። እኛ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ስልክ ይዘን ተቀመጥን። ኔትወርክ ላለባቸው ርዕሳነ መምህራን ደወልን፣ ለሌላቸው ደብዳቤ በሞተር ሳይክል ላክን። ለመዝጋት ግማሽ ቀን በቃን። ኃላፊያችን «መቶ በመቶ ተፈጽሟል» ብሎ ለዞን ሪፖርት አደረገ፤ እውነቱን ነው፣ በዚያ ዓመት መቶ በመቶ የፈጸምነው ሥራ ያ ብቻ ይመስለኛል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ርዕሰ መምህር ደወለችልኝ። በእሷ ትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ ለሁለት ለሦስት ልጅ አንድ ስለሆነ መጻሕፍቱ በየክፍሉ ሣጥን ውስጥ ያድራሉ፣ በክፍለ ጊዜው ይታደላሉ፣ ደወል ሲደወል ይሰበሰባሉ። «ወንድሜ፣ ልጆቹ ገና ግቢው ውስጥ ናቸው፤ መጻሕፍቱን ላድላቸው?» አለችኝ። ንብረት ክፍሉ ያለ ሞዴል 22 አንድም መጽሐፍ አይወጣም እንዳላት ነገረችኝ። መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቃላችሁ፤ በሞዴል 19 የገባ ዕቃ ሞዴል 22 ሳይቆረጥለት ከወጣ ዕዳው በሰው ደመወዝ ላይ ነው። እኔ ምን አልኳት? «ለ15 ቀን ነው፤ ባሉበት ይቆዩ።»

15 ቀኑ ሰባት ወር ሆነ። በክረምቱ ሄጄ ሣጥኖቹን ሳስከፍት ከታች የነበሩትን መጻሕፍት ምስጥ ጀምሯቸው ነበር። ለምስጥ ሞዴል 22 አልጠየቅነውም።

አሁን «ዕቅድ አልነበራችሁም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ነበረን። በመደርደሪያዬ ላይ «የአደጋ ዝግጁነትና ምላሽ ዕቅድ» የሚል ወፍራም ፋይል ነበረ። የተጻፈው ከ2008ቱ ድርቅ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ በኤልኒኞ ምክንያት ብዙ ወረዳዎች ውስጥ ልጆች ከትምህርት ገበታ ሊቀሩ ሲሉ የምገባ ፕሮግራም ያተረፋቸው ጊዜ ነበር። ፋይላችን ከዚያ ልምድ የተቀዳ ነው። ምግብ ትምህርት ቤት ይመጣል፣ ውኃ በቦቴ ይቀርባል፣ ጣሪያው የተገነጠለ ክፍል በድንኳን ይተካል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። መቼም ኮሚቴ የሌለበት ዕቅድ አይጸድቅም። ችግሩ ሁሉም መስመር የሚጀምረው ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳለ ወይም እንደሚመጣ አድርጎ መሆኑ ነው። ቤቱ ተዘግቶ ልጁ ሌላ ቦታ ሲሆን የሚነበብ አንዲት ገጽ አልነበረውም። ገልጬ ገልጬ መለስኩት።

ከላይ ምንም አልተደረገም አልልም። ትምህርት ሚኒስቴር በመጋቢት ማብቂያ የምላሽ ዕቅድ አወጣ፣ ለአንደኛ ደረጃ በሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ በቴሌቪዥን ትምህርት መሰጠት ጀመረ፣ በከተማ ደግሞ መምህራን በቴሌግራም ማስታወሻ ይልኩ ነበር። ትምህርት በሬዲዮ ለእኛ አዲስ አይደለም። እዚህ ካለነው ስንቶቻችን ነን እንግሊዝኛን መጀመሪያ ከዚያች ክፍል ውስጥ ከምትቀመጥ ሬዲዮ የሰማነው! ነገር ግን ያቺ ሬዲዮ አጠገቧ መምህር ነበራት። ድምፁ ቆም ሲል መምህሩ ይቀጥላል፣ ያልገባው እጁን ያወጣል። በ2012 ሬዲዮዋ ብቻዋን ነው የሄደችው። በእኛ ወረዳ ሬዲዮ ያለበት ቤት ውስጥም ሬዲዮው የአባት ነው፤ ከአባት ጋር እርሻ ይውላል፣ ገበያ ይሄዳል። ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ እስከ ቅዳሜ ገበያ ይጠበቃል። ፕሮግራሙ በሚተላለፍበት ሰዓት ልጁ ከብት ኋላ ነው። እኔ ግን በየሳምንቱ «ተከታታይ ተማሪ» የሚል ቅጽ ሞልቼ እልክ ነበር። ከየት አምጥቼ እንደሞላሁት አትጠይቁኝ።

የሚቆጨኝ ሬዲዮው አይደለም፤ መምህራኑ ናቸው። ደመወዛቸው አልተቋረጠም፣ ሊቋረጥም አይገባም ነበር። ግን ሥራ የሰጣቸው የለም። አብዛኞቹ ወደ ከተማ፣ ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። እኛ «ከቤት አትውጡ» ከሚለው መመሪያ ሌላ ምንም አላልናቸውም። አንድ መምህር፣ ርቀቱን ጠብቆ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሃያ ቤት ደጃፍ ቆሞ «እንዴት ናችሁ?» ቢል ኖሮ ምን ያህል ነገር እናውቅ ነበር! ለዓመታት «1ለ5» እያልን ተማሪዎችን በቡድን አደራጅተናል፤ ስም ዝርዝር፣ መሪ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉ ነበረው። በእውነት ሊጠቅመን በሚችልበት በዚያ ወቅት ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

አንዲት የ5ኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ግን ማንም ሳያዛት መላ ፈጠረች። ጥያቄዎችን በእጇ እየጻፈች ወፍጮ ቤት ታስቀምጣለች። እናቶች እህል ሊያስፈጩ ሲመጡ የልጃቸውን ወረቀት ይዘው ይሄዳሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የተሠራውን ይመልሳሉ። አንድ ቀን የተመለሱትን ወረቀቶች በፌስታል ይዛ ቢሮዬ መጣች። ዱቄት ለብሰዋል። አንዳንዱ ልጅ መልሱን በከሰል ነው የጻፈው። በሪፖርት ቅጹ ላይ ይህን የምሞላበት ዓምድ ፈልጌ አጣሁ። «ሌሎች» የሚል ዓምድ ነበረ፤ እዚያ ላይ «1» ብዬ ጻፍኩ።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

በእኛ አካባቢ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚያስቆም ጠንካራ ሕግ ስላለ ብቻ አይደለም ጋብቻው የሚቆመው። ሰንሰለት አለው። ልጅቷ ለጓደኛዋ «ሽማግሌ ተልኳል» ትላለች፣ ጓደኛዋ ለሴት ተማሪዎች ክበብ ኃላፊ መምህርት ትናገራለች ወይም አስተያየት ሣጥን ውስጥ ወረቀት ትጥላለች፣ መምህርቷ ለርዕሰ መምህሩ፣ ርዕሰ መምህሩ ለሴቶች ጉዳይና ለፖሊስ። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። መጋቢት 7 ስንዘጋ እሱንም አብረን ዘጋን፤ በዚያ ቀን ያንን ያሰበ ሰው በቢሮው አልነበረም፣ እኔን ጨምሮ። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሠርግ ወቅት ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ስብሰባ ከልክሎ ስለነበር እኛ ሠርግ አይኖርም ብለን ተዘናግተን ነበር። የቀረው ግን ድግሱ ነው እንጂ ጋብቻው አይደለም። እንዲያውም ድግስ ሲቀር ወጪው ቀለለ። ጎረቤት ካልተጠራ ደግሞ ወሬው አይወጣም።

ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ለድጋፍና ክትትል ከሄድኩባቸው በአንዱ የ8ኛ ክፍል መምህሩ ስም ይጠራ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ጎበዝ ስትባል የማውቃት ልጅ ስም ተጠራ። ዝም። ደግሞ ተጠራ። ከኋላ አንድ ልጅ «ባሏ ቤት ናት» አለ። ሳቁ። መምህሩ «አቋርጣለች» ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። በዚያን ቀን በዚያ ክፍል ብቻ ሦስት ጊዜ እንደዚያ ሆነ።

እኔ ቢሮ ተመልሼ የሠራሁትን ልንገራችሁ። የምዝገባ ሪፖርቱን ደመርኩ። ድምሩ ከዕቅዱ ጋር የተቀራረበ ነው! አዲስ 1ኛ ክፍል የገቡ ነበሩ፣ ሥራ ቆሞባቸው ከከተማ ወደ ገጠር ከተመለሱ ወላጆቻቸው ጋር የመጡ ልጆች ነበሩ። በቁጥር ሲታይ አንዷ ወጥታለች፣ አንዱ ገብቷል፣ እኩል ነው። የትምህርት መረጃ ሥርዓታችን ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ያስተላልፍ የነበረው ድምርን ነው፤ ወንድ፣ ሴት፣ ክፍል፣ ዕድሜ። ስሙ ሮስተሩ ላይ ይቀር ነበር። ስለዚህ በእኛ ወረዳ ኮቪድ ያመጣው የመጠነ ማቋረጥ ለውጥ በሪፖርቴ ላይ ይህ ነው የሚባል አይደለም። ሪፖርቱ ዛሬም አለ። ፊርማው የእኔ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም፣ አስቀድሞ ያልታየም አይደለም። ሴራሊዮን በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶቿን ከ2006 ክረምት ጀምሮ እስከ 2007 ሚያዝያ ዘግታ ነበር። እነሱም ትምህርት በሬዲዮ ሰጥተዋል። ሲከፈት ግን ብዙ ልጃገረዶች አርግዘው ተገኙ፤ መንግሥት ደግሞ ነፍሰ ጡር ተማሪ ከሌሎች ጋር ክፍል አትገባም ብሎ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው መቼ መሰላችሁ? በመጋቢት 2012፣ የእኛ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በዚያው ወር። ትምህርቱ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ አላነበብነውም።

ከዚያም ራቅ ብለን ብንሄድ፣ የእኛ አያቶች «የኅዳር በሽታ» ያሉት ወረርሽኝ በ1911 ዓለምን ሲያዳርስ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ትምህርት ቤት ሲዘጉ ኒውዮርክና ቺካጎ ክፍት አድርገው ቆይተዋል። የኒውዮርክ የጤና ኃላፊው ክርክር ቀላል ነበር፦ አብዛኛው ልጅ የሚኖረው በተጨናነቀ የኪራይ ቤት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሐኪምና ነርስ አለው፤ ታዲያ ከየት አውጥተን ወዴት እንልካቸዋለን? እኔ በ2012 መዘጋቱ ስህተት ነበር አልልም። በሽታው ያን ጊዜ አይታወቅም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሰባ ልጅ የምናስተምር ሰዎች ነን። የምለው «ወዴት እንልካቸዋለን?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ጠረጴዛ ላይ አልተነሣም ነው።

የመክፈቱ ነገርስ? ጥቅምት 9 ቀን 2013 በገጠር፣ ጥቅምት 16 በዞንና በክልል ከተሞች፣ ጥቅምት 30 በአዲስ አበባ፣ እንደዚያ በየተራ ተከፈተ። አንድ ክፍል ከ25 ልጅ እንዳይበልጥ፣ በአንድ ኮምባይንድ ዴስክ አንድ ልጅ እንዲቀመጥ ተባለ። ስድሳን ለሃያ አምስት ስታካፍሉት ፈረቃ ብቻ ሳይሆን መምህርም፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃም፣ ጊዜም ይጠይቃል። ውኃ የሌላቸው ትምህርት ቤቶቻችን ልጆቹ ከወንዝ በጀሪካን እያመጡ ነው የታጠቡት። ከ8ኛና ከ12ኛ በስተቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል። ማዛወሩ ተገቢ ነበር፣ ልጁ ምን አጠፋ? ነገር ግን 2ኛ ክፍል መጋቢት ላይ ፊደል መለየት የጀመረች ልጅ ጥቅምት ላይ የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ ተሰጣት። የት እንዳቆመች የጠየቃት የለም። ስለ ሙቀት መለኪያ መሣሪያው ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ሪፖርት እንጠየቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው ሰሜን ላይ ጦርነት ተጀመረ፤ በትግራይ ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ክፍል አልገቡም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለዚህ የትምህርት ቤት መዘጋት አንድ ጊዜ መጥቶ ያለፈ ነገር አይደለም፤ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው መካከል ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ርዕሰ መምህር አለ።

እና ምን እናድርግ? ዕቅዱን እናወፍረው የሚሉ አሉ። ታብሌት ይገዛ የሚሉም አሉ፤ ከተገዛ አልጠላም። የእኔ አስተያየት የወረዳ የመዘጋት ዕቅድ ሁለት ገጽ ይበቃዋል ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ስም ነው። እያንዳንዱ መምህር ሃያ ሃያ አምስት ልጅ ይከፋፈል፤ በወረቀቱ ላይ የልጁ ስም፣ ቤቱ በምን በኩል እንደሆነ፣ ስልክ ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ማን እንደሆነ ይጻፍ። ይህ በነሐሴና በጳጉሜን ለምዝገባ ንቅናቄ ቤት ለቤት ስንዞር አብሮ የሚሠራ ነው፤ አዲስ በጀት አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ በመዝጊያው ቀን እንዲታደል የሚፈቅድ ደብዳቤ ከወዲሁ ተፈርሞ በየትምህርት ቤቱ ይቀመጥ፤ ንብረት ክፍሉ እንዳይፈራ። የሴት ተማሪዎች ክበብ ጥቆማ ግቢው ሲዘጋ ወደ ማን ይሂድ? ለእኔ የሚታየኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት፤ የትም ቤት ብትገባ «ለምን መጣሽ?» የሚላት የለም። ስምምነቱ ግን በደህናው ቀን ካልተደረገ በክፉ ቀን አይደረግም። የመክፈቻው ሳምንትም ከወዲሁ ይጻፍ፦ በመጀመሪያው ቀን ሮስተሩ ይነበብ፣ «የለም» የተባለ ሁሉ «አቋርጧል» ተብሎ ሳይጻፍ በፊት በአሥር ቀን ውስጥ ቤቱ ይኬድ፣ የመጡት ደግሞ የት እንዳቆሙ በአንዲት ገጽ ይፈተኑ።

አንድ ነገር ግን አልሸሽጋችሁም። ይህን ሐሳብ ባለፈው ዓመት ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳጫውተው ዝም ብሎ ሰማኝና «በግጭት ቦታ የስም ዝርዝር ይዞ የሚዞር መምህር ምን እንደሚሆን አስበሃል?» አለኝ። አላሰብኩም ነበር። ለወረርሽኝ ልጅን የሚያድን ወረቀት በሌላ ቀን መምህሩንም ቤተሰቡንም ሊያስገድል ይችላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ ዝርዝሩ መዞር የለበትም፤ ማን ይያዘው፣ የት ይቀመጥ፣ በቃል ይያዝ ወይ፣ እኔ መልሱን ገና አልጨረስኩም። የሰማሁት ቢኖር አንዳንድ ቦታ የቀበሌ ሽማግሌዎች ከሁለቱም ወገን ጋር ተነጋግረው ትምህርት ቤቱ እንዲከፈት ያስደረጉበት አጋጣሚ መኖሩን ነው። በዕቅድ ፋይላችን ውስጥ ለሽማግሌ የሚሆን መስመር የለም።

ለፋኩልቲው መምህሮቻችን የማቀርበው ልመና አለኝ። እኛ እዚህ ስንማር የትምህርት ዕቅድ ኮርስ ላይ የተማሪ ትንበያ መሥራት ተምረናል፤ ጥሩ አስተምራችሁናል፣ ዛሬም በሱ እንጀራ እበላለሁ። የመዘጋት ዕቅድ ግን በየትኛውም ኮርስ አልነበረም። ለርዕሳነ መምህራን በምትሰጡት የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ይግባ። ለልምምድ የምትልኳቸው ተማሪዎችም በሄዱበት ትምህርት ቤት ከአንድ መምህር ጋር ሆነው የአንድ ክፍል ዝርዝር ሠርተው ይመለሱ። የት የት እንደማይሠራ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል።

ለባች ጓደኞቼ ደግሞ፦ ከእናንተ ውስጥ ቢያንስ አራታችሁ ዛሬ የወረዳ ወይም የዞን ኃላፊ ናችሁ። ያቺን የመጽሐፍ ማደያ ደብዳቤ ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ፤ ግማሽ ገጽ ናት። ከምሳ በፊት በሩ አጠገብ እቆማለሁ። ንብረት ክፍላችሁ ምን እንዳለ በስልክ ንገሩኝ።